በፀሐይ አዟዟር

ሆፍሶስ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2014

በአስተዋይነቷ የቤታችን መመኪያ ለሆነችው፣ በባዕድ ከተማ በኮፐንሃገን እየኖረች የአባቶቿን ቋንቋ ሳታጎድፍ ለምትጽፈው፣ ለተወደደችው የእኅቴ ልጅ ለሄርዲስ ይድረስ።

ከባልሽ ከዬንስ ጋር መኪና ተከራይታችሁ ደሴታችንን ለመዞር ያወጣችሁት ዕቅድ ደርሶኝ፣ ለእናትሽ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላት። አልጋዋን ከፎቅ አውርደን በሳሎኑ መስኮት አጠገብ ካኖርንላት ወዲህ ውሎዋ እዚያው ነውና፣ ስለ ደቡቡ ፏፏቴና የበረዶ ቋጥኝ ስለሚንሳፈፍበት ሐይቅ ዓይኗን ከባሕሩ ሳትነቅል አዳመጠችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ በዚህች ደሴት ስትኖር ያንን ሐይቅ አንድ ቀን እንኳ አላየችውም። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየበጋው «ዘንድሮ እንዞራለን» ይል ነበር፤ ነገር ግን መኪናዋ ተጭና በደጅ በቆመች ቁጥር ዝናቡ ያባራል፣ ዝናብ ካባራ ደግሞ በእኛ አገር ሣር አጭዶ ከማድረቅ የሚቀድም ነገር የለምና፣ ሁለቱም መንሻቸውን ይዘው ሜዳ ላይ ያመሻሉ። ያ ሁሉ ደረቅ ቀን፣ ያ ሁሉ ሣር፤ ዛሬ አንዱንም ክምር የሚያስታውስ የለም።

በዕቅዳችሁ ከሬይኪያቪክ ወደ ደቡብ ወጥታችሁ በምሥራቅ ትዞራላችሁ፤ በሰሜን ያለው ቤታችን የመጨረሻው፣ ያውም የአንድ ሌሊት ማደሪያ ነው።

«ዮሩን፣ መንገዱን ገልብጪው ብዬ ልጻፍላት?» አልኋት።

«አርፈህ ተቀመጥ፣ ቶርጊልስ። ልጅቷ ማረፊያውን ሁሉ ይዛ ጨርሳለች።»

«ከፀሐይ ተቃራኒ መዞር ደግ አይደለም። እናታችን ጎተራውን እንኳ ስትዞር በፀሐይ አዟዟር ነበር።»

«ታዲያ የምትዞረው ደሴት እንጂ የእናታችን ጎተራ ነው? ተዋት፣ መጀመሪያ በረዶውን ትይልኝ። መጥታ ትነግረኛለች። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድ።»

ይህን ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባትና፣ አሁን በየማለዳው የምትመጣው ነርስ ደግፋ ቀና አደረገቻት። ለልጅሽ ጀምራው የነበረውን የሱፍ ሹራብም እጅጌውን እንድትጨርስላት ለጎረቤታችን ሰጥታለች።

ስለ መንገድ እንጂ ስለ ሌላ ነገር እንዳልጽፍ ቃል አስገብታኛለችና፣ ስለ መንገድ ልጻፍ። ድልድዮቹ ጠባብ ናቸው፤ ቀድሞ ለደረሰው ቦታ ልቀቂለት። ነፋስ ሲበረታ የመኪናውን በር በሁለት እጅሽ ያዢው። በግ ከመንገዱ ወዲህ፣ ግልገሏ ወዲያ ቆመው ስታዪ ፍጥነትሽን ቀንሺ፤ ግልገሏ መኪና መጣ አልመጣ ሳትል ወደ እናቷ መሮጧ አይቀርምና።

ጭጋግ አይጋርድሽ፣ ወንዝ አይሙላብሽ፣ ካሰብሽበት በሰላም ግቢ። የያዝሽው ማረፊያ ሁሉ ቢሰረዝም ይሰረዝ፤ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ መኪናውን በተረከብሽበት በዚያው ቀን፣ የትም ሳትቆሚ፣ ወደ ሰሜን ንጂ።

አጎትሽ ቶርጊልስ