አምስቱ ነጭ ክቦች፦ የአቶ ሺገዞ ሃታናካ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሺገዞ ሃታናካ ከአባታቸው ከጀልባ ቀዛፊው ከአቶ ኢሶማ ሚዙጉቺና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሃሩ እ.ኤ.አ. በሜይ 1941 በካናዛዋ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ተወለዱ። አዝለው ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ቶሜ ናቸው። «ታናሽሽ በሞት ይቀድምሻል» ያላቸው ቢኖር በጥፊ ባጮሉት ነበር።

እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምረው በ1956 የቤተሰብ ዓርማ በልብስ ላይ ከሚስሉት ከመምህር ገንጂ ሃታናካ ዘንድ ለሙያ ገቡ። በጥቁር ሐር ላይ በተተወ ነጭ ክብ ውስጥ ኤሊውን ለረጅም ዕድሜ፣ ቀርከሃውን ጎንበስ ብሎ ላለመሰበር ሲስሉ እጃቸው ዝንፍ አይልም ነበር።

በ1967 የመምህሩን አንድያ ልጅ ወይዘሮ ኪኑዮን አግብተው ለሚስታቸው ቤት ልጅ ሆነው ገቡ፤ የቤተሰብ ስማቸውም ከሚዙጉቺ ወደ ሃታናካ ተቀየረ፤ ዓርማቸውም እንዲሁ መቀየር ነበረበት። የሚዙጉቺ ዓርማ ቢነቅሏት መልሳ የምትበቅል ባለሦስት ቅጠል አረም ናት፤ ዘራችን አይጠፋም ማለት ነው። የሃታናካ ደግሞ የተንጠለጠለ የሐረግ አበባ። ወይዘሮ ቶሜ በሠርጉ ላይ፣ ሰው ፊት፣ «እኔ ሳልፈቅድ ያንን አበባ ብትለብስ ወንድሜ አይደለህም!» አሉ። እሳቸውም ሳቅ ብለው «እትዬ፣ መጀመሪያ ብዪ፤ ዓሣው ቀዘቀዘ» አሏቸው።

ሙያቸውን የወረሰችውን ሳዮሪን ወልደዋል።

ሕመም የሚባል አልነበረም። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2021 ጠዋት ሩዛቸውን በልተው፣ ከሥራ ጠረጴዛቸው እንደተቀመጡ፣ ብሩሻቸው ሳይደርቅ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። እስካሁን ማመን አቅቶናል።

እንደ አገሩ ልማድ አስከሬናቸው ላይ ተገልብጦ የሚደረገው ጥቁር የክብር ልብሳቸው ከመሳቢያ ሲወጣ ደግሞ ቤቱ ክው አለ። ጀርባው፣ ደረቱ፣ እጅጌው ላይ ያሉት አምስቱም ክቦች ባዶ ነጭ! ለከተማው ሁሉ ዓርማ የሳሉ ሰው! ለሠርግም ለሐዘንም በሱፍ ልብስ ሲሄዱ ዘመናዊ ናቸው ስንል ኖረናል።

ወይዘሮ ቶሜ «አንቺ ኪኑዮ! ሃምሳ ሦስት ዓመት አብረሽው ስትኖሪ ዓይንሽ የት ነበር?» ብለው ጮኹ።

«እኔማ አበባውን እንዲስል ለምኜው ነበር፣ እትዬ። ‹እትዬ ቶሜ ትፍቀድልኝና› ይለኝ ነበር።»

ወይዘሮ ቶሜ ባዶውን ክብ በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ተናድጄ እኮ ነው! የተናደደ ሰው ንግግር ሃምሳ ዓመት ይያዛል እንዴ?»

ሳዮሪ ብሩሽ አንስታ «አክስቴ፣ የትኛውን ልሳል?» አለች።

«አበባውን።»

አምስቱም እስኪደርቁ ልብሱን ዘርግተው የያዙት ራሳቸው ወይዘሮ ቶሜ ናቸው።

አቶ ሺገዞ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። መሐሪው ቡድሃ በሎተስ አበባው ላይ ያሳርፋቸው፤ ለእኛም ሰው በቁሙ ሳለ «ይሁን» የሚል አንደበት ይስጠን።