አጀንዳ አራት

ሚያዝያ 16 ቀን 2006፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ቢሮ ገባሁ፣ ኮምፒውተሩን አየሁት፣ ወጣሁ። ብርዱ ደግሞ ፋሲካ ማለፉን የነገረው የለም...

ግራጫውን ሱሪ ለደጉ ሰጠሁት፣ ወገቡን እንዲያጠብልኝ። ከስቼ ነው ወይስ ሱሪው ሰፍቶ? «ጋሼ፣ ሱሪ አይሰፋም። ሰው ነው የሚያንሰው» አለኝ፣ መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ። እንጅባራ ውስጥ እንደሱ የሚሰፋ የለም፣ የሚናገርም።

መሳፍንት ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ምሳ ይዞ ገባ። ለሦስት በላነው። የደጉ እናት እማማ የሻረግ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ አልጋ ይዘዋል። ወጡን ከአልጋቸው ሆነው ያዝዛሉ፣ መሳፍንት ይሠራል።

«ጨው በዝቶበታል» አለ ደጉ።

«ለእማዬ ንገራት። ጨምር ያለችው እሷ ናት።»

መሳፍንት ከደምበጫ መጥቶ እዚያ ቤት ከገባ አሥር ዓመት ሆነው። ሰው «እነ ደጉ ቤት» ይላል እንጂ ማን ለማን ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ሠላሳ ዓመት ሰው ስጠይቅ እንጀራ የበላሁ ጋዜጠኛ... አንዳንዱ ነገር ካልጠየቁት ደህና ይቀመጣል።

ሱሪው ማክሰኞ ይደርሳል።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ አዳራሽ። ስልጠና፣ ግብረ ሰዶምን ስለመከላከል። አሰልጣኙ ትናንት በሚኒባስ የገባ ወጣት ነው፣ ክራቫት ያሰረ። የእድር መሪዎች፣ ቀሳውስት፣ መምህራን ተጠርተዋል። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ዓለምነው ፊተኛው ወንበር ላይ። እኔ ኋላ። የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ቢሮውን ዜና እጽፋለሁ፣ የእድሩም ጸሐፊ ነኝ።

ምልክቶቹ ሰባት ናቸው ተባለ። ሠላሳ አልፎት ያላገባ። ከወንድ ጓደኛው ጋር አንድ ቤት የሚኖር። ለልብሱ የሚጨነቅ። ሽቶ የሚቀባ። ወጥ የሚሠራ። ዝምተኛ። ወይም ከልክ በላይ ተጫዋች።

ኋላ ተቀምጬ ቆጠርኩ። የገዳም አባቶች ሦስቱን ያሟላሉ። ቤት ተከራይተው የሚኖሩት ላጤ መምህራን አምስቱን። አሰልጣኙ ራሱ አራት አለው። ክራቫቱን ሳልቆጥር።

ከግምጃ ቤት ከተማ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት በአውንጊ ቋንቋ ጠየቁ። አስተርጓሚው ቆመና፣ «ይሄ የምትሉት ነገር እኛ ቀበሌ መቼ ነው የሚደርሰው ይላሉ። ማዳበሪያውም ዘግይቶብናል» አለ። ቤቱ ሳቀ። አሰልጣኙ አልሳቀም፣ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

አንድ ያየሁት ነገር አለ፣ ለዜና አይሆንም። ጠዋት ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር የገቡት። ማታ ሲወጡ እያንዳንዱ እጁን ኪሱ ከትቷል።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ዜና መጽሔታችን ወጣ። አለቃዬ ፀጋው፣ «ምልክቶቹን ተዋቸው፣ ቦታ ይበላሉ» ብሎኝ ነበር። ግማሽ ዜና አልጽፍም አልኩት። ሰባቱንም በተራ ቁጥር አወጣሁ። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፣ ሰው ቆሞ ያነባል። ሰው ቆሞ ሲያነበኝ ካየሁ ስንት ዓመቴ?

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ባለቤቴ ስሜነሽ ከገበያ ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «ጽሑፍህን ሰው በቃሉ ይዞታል» አለችኝ። ደስ አለኝ።

«ምን አሉ?»

«ይቆጥራሉ።»

«ምኑን?»

«ደጉን። ስድስት አድርሰውለት ነበር፣ ዛሬ ሽቶ ጨመሩለት። የሳሙና ሽታ ነው ብላቸው፣ ወንድ ልጅ ይሄን ያህል ሳሙና ምን ያደርግለታል አሉኝ።»

ነጠላዋን ተቀብዬ ሰቀልኩት።

«ያንተንስ ቆጥረሃል? ልብስህ፣ ዝምታህ...»

«ባለትዳር ነኝ።»

«እሱ ነው ያዳነህ። አመስግነኝ።»

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ጋሽ ዓለምነው ቤት ድረስ መጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የኔው ጽሑፍ። በመቀስ ተቆርጦ፣ ላስቲክ ለብሶ።

«ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስገባ» አሉ። «ደጉን ከነቤቱ ከእድር ስለማሰናበት።»

«እማማ የሻረግ እኮ አልጋ ላይ ናቸው፣ ጋሽ ዓለምነው። አንድ ነገር ቢሆኑስ?»

«ልጃቸው ያስብበት ነበር።»

«እድር የሌለው ሰው...»

«አውቃለሁ። ጡሩንባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ጉድጓድ የሚቆፍርለት የለም። ይሄን ለእኔ ለመንገር ነው የመጣኸው?» ተሳስተው ነው፣ የመጡት እሳቸው ናቸው። ተናደዋል።

«እርግጠኛ ነዎት ግን?»

ወረቀቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «አንተ ነህ እኮ የጻፍከው። ከተጻፈ ተጽፏል።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ባለፈው ክረምት የእማማ የሻረግ ጣራ ሲያፈስ ቆርቆሮ ተሸክመው የወጡት እሳቸው ናቸው፣ በሰባ ዓመታቸው። የተጻፈ ነገር ግን ያምናሉ። እኔ ደግሞ የምጽፍ ሰው ነኝ... አጀንዳውን አስገባሁ። አራተኛ ላይ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴ ቤት። ሰማንያ ስድስት አባል ተገኘ። ደጉ አልመጣም። ቃለ ጉባኤው እንደ ወጉ በመዝገቡ ላይ ነው ያለው፣ እዚህ የምጽፈው መዝገቡ የማይይዘውን ነው።

አጀንዳ አንድ፣ ተውሰው ስላልተመለሱ ወንበሮች። ሁለት፣ ስለ ድንኳኑ መቀደድ። ድንኳኑን የሰፋው ደጉ ስለሆነ አሁንም ደጉ እንዲጥፈው ተወሰነ። በሙሉ ድምፅ። ሦስት፣ ጡሩንባ ነፊው ነጋ አርፍዶ ስለመነሳቱ። አራት፣ ደጉን ስለማሰናበት።

ደንቡ እንዲህ ይላል። አባል ሲሰናበት ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ለጉባኤው ተነብቦ ይጸድቃል። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

«ምክንያት?» አልኩ፣ እስክሪብቶዬን ይዤ።

«የታወቀው ነው» አሉ ጋሽ ዓለምነው።

«የታወቀው ብዬ ልጻፍ?»

«እንደሱማ አይሆንም። ነውር በል።»

«ምን ዓይነት ነውር?»

«አንተ ይሄነው፣ እናቶች ተቀምጠዋል እኮ» አሉኝ፣ በስሜ ጠርተው።

እናቶቹ ወንበራቸውን ወደፊት ሳብ ሳብ አደረጉ።

ወደ ቄስ ደርበው ዞሩ። «አባታችን ይበሉልን።» ቄሱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «አሁን በዚህ አፌ ቀድሼ መውጣቴ ነው» አሉ።

ባለ ወፍጮው ውዱ፣ «ስልጠናው ላይ የተባለውን ጻፋ» አለ።

«ስልጠናው ላይ ሰባት ነገር ነው የተባለው። የትኛው?»

«ወጥ የሚሠራው» አለ አንዱ ከኋላ።

እንቁ፣ ሻይ ቤት ያላት፣ ተነሳች። «ወጥ በመሥራት ከሆነ የኔውን ባል ውሰዱና እሱን ስጡኝ።»

ቤቱ ፈረሰ። ባሏም ሳቀ፣ ዘግይቶ።

«ያየ ሰው ካለ ስሙን ምስክር ብዬ ላስፍር» አልኩ። ማንም እጁን አላወጣም። አየሁ ያለ ሰው የት ቆሞ እንዳየ ይጠየቃላ። ሁሉም የጫማውን ጭቃ ማየት ጀመረ። ቃሉን የማያውቅ አልነበረም። በገበያ፣ በወፍጮ ቤት፣ በየባጃጁ ሦስት ሳምንት ሲባል ከርሟል። ጮክ ብሎ፣ በስሙ፣ ቀን ተጽፎበት ሲባል ግን አፍ ጠፋ።

«በይደር ይቆይ» አሉ ጋሽ ዓለምነው።

ስንወጣ እንቁ ጀርባዬን መታ አድርጋ፣ «ጎበዝ» አለችኝ። ምን ጎበዝ አለው? ጀግንነት አልነበረም። ምክንያት የሌለው ውሳኔ መጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ ነው። ቃሉን ቢነግሩኝ ኖሮ እጽፈው ነበር። ይሄን ለማንም አልነገርኩም።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ሱሪውን ሄጄ አመጣሁ። ከደረሰ ወር ሊሆነው ነው፣ ለመሄድ አፍሬ... በሩ ላይ ባጃጅ የለም።

«መሳፍንትስ?»

«ጫግኒ ወርዷል። እዚያ ሥራ አለ» አለ ደጉ። ዝቅ ብሎ የእድሩን ድንኳን ይጥፋል። ክሩን በጥርሱ በጥሶ፣ «እሱ ከሄደ ይተዉናል ብሎ ነው። እማዬ በወግ እንድትቀበር» አለ።

«ለእማማ ነገራችኋቸው?»

«ሥራ ነው አልኳት። ሹሮ ሠራሁላት፣ ቀመሰችና ሳህኑን ገፋችው። መቼ ነው የሚመጣው ትለኛለች፣ ጠዋትም ማታም።»

የስፌት መኪናው ትንሽ ተንቀጫቀጨ፣ ቆመ።

«ጋሼ፣ ያን ወረቀት እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«አዎ።»

«ሄጄ አነበብኩት። ጥሩ ተጽፏል። አንድም ፊደል አልሳቱም።»

ሱሪውን አጥፎ ሰጠኝ። የሠራበትን አልቀበል አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

እማማ የሻረግ ሊነጋጋ ሲል አረፉ። ደጉ ለጋሽ ዓለምነው ነግሯቸው ተመለሰ። ሌላ ምንም አላለም አሉ። «እናቴ ሞተች» ብሎ፣ ዝናቡ ውስጥ ትንሽ ቆሞ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ዓለምነው የኔን በር አንኳኩ። ነጋ ጡሩንባውን ታቅፎ ከኋላቸው ቆሟል። ዛሬ እንኳን አላረፈደም።

«ይነፋ አይነፋ?» አሉኝ። «አጀንዳው በይደር ነው። አባል ናቸው ወይስ አይደሉም?»

«በይደር ማለት አልተሰናበቱም ማለት ነው።»

«የለም፣ መዝገቡን አውጣው። በዓይኔ ልየው።»

አወጣሁት። የአባላት መዝገብ፣ 1996 ዓ.ም። ገጹን ሳገላብጥ ልቤ አልፈራም፣ ምን እንዳለበት ረስቼዋለሁ። ወይዘሮ የሻረግ... ባል፣ በሞት የተለየ። ልጆች፦ ደጉ፣ መሳፍንት። የኔ የእጅ ጽሑፍ። ጥቁር ቀለም።

ያኔ ትዝ አለኝ። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው። «ስንት ልጅ አለዎት?» «ሁለት።» «ስም?» ሁለቱንም ነገሩኝ። የአንዱን አባት ስም ብጠይቅ ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ አልጠየቅሁም።

ጋሽ ዓለምነው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይሄ ልጅ ከደምበጫ የመጣው አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ ልጄ ነው አሉ?»

«እርሳቸው ያሉኝን ነው የጻፍኩት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ነጋ ጡሩንባውን በካቦርቱ ሸፈነው።

«እንግዲህ ከተጻፈ ተጽፏል» አሉ። ከዚያ ለነጋ፣ «ምን ቆመሃል? ንፋው እንጂ።» ወደ እኔ ደግሞ፣ «ጫግኒ ደውል። እናቱ ሞታ ልጇ ሳይደርስ አፈር አናለብስም» አሉ።

ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ቆረጠብኝ። በአራተኛው መሳፍንት ድምፄን ሲሰማ ሳልነግረው አወቀ። «መምጣት እችላለሁ?» አለኝ። ይሄን ነው የጠየቀኝ። «መዝገቡ ላይ አለህ» አልኩት። ከዚህ የተሻለ ቃል አልመጣልኝም።

በሚኒባስ ደረሰ። ድንኳኑ፣ ደጉ የጣፈው፣ አላፈሰሰም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰው እየገባ ሁለቱንም አጽናና። አንዳንዱ ወደ መሬት እያየ። ግን ሁለቱንም።

ከቀብር ስንመለስ ቁልቁለቱ ጭቃ ነው። ጋሽ ዓለምነው አዳለጣቸው። መሳፍንት እጃቸውን ያዘ። ቁልቁለቱን ጨርሰን፣ ሜዳው ላይ ወጥተን፣ ድንኳኑ እስኪደርስ አልለቀቁትም። አየሁ፣ ሌሎቹም አዩ። ማንም አልቆጠረም።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ሣልስት። መሳፍንት ሹሮ ሠራ። ጨው በዝቶበታል። ሁላችንም በላነው።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ስብሰባ። አጀንዳ አራት እንደገና ተነበበ። «በይደር» አሉ ጋሽ ዓለምነው ቀና ሳይሉ። ባለፈውም ወር እንዲሁ ነበር። እንደማየው እኔም እሳቸውም ሞተን በይደር ይኖራል። አልተሰረዘም። አይሰረዝምም። ውዱ እስካሁን ልብሱን ሌላ ሰፊ ጋ ያሰፋል። እንቁ ሻይ ቤት ወሬው አልቆመም፣ ድምፁ ነው ዝቅ ያለው።

ቢሮው ደግሞ ቅጽ ልኮልኛል፣ «ከስልጠናው በኋላ በየእድሩ የታየ ለውጥ» የሚል። ሲያበቃ ጋሽ ዓለምነውን ጠየቅኋቸው።

«ጻፍ። በእኛ እድር እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«የለም ብቻ?»

«ኖሮም አያውቅም በል።»

ሲናገሩ የደጉ ሱቅ ፊት ቆመናል። ባጃጁ ከጫግኒ ተመልሶ በሩ ላይ ነው። ከውስጥ፣ «ጋሼ ዓለምነው፣ ኮትዎ ደርሷል» የሚል ድምፅ መጣ። ገብተው ለኩት። ደጉ የውስጥ ኪሱን ስለተቀደደ አዲስ አድርጎላቸዋል። በአሮጌው ኪስ የነበረውን በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አጣጥፎ ሰጣቸው። ተቀበሉት። የትኛው ኪሳቸው ውስጥ እንደሚከቱት ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ለኔ ሰጡኝ። «ያንተ ነው» አሉ።

የኔ ነው።

ቅጹን ሞላሁ፦ የለም። ኖሮም አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ስጽፍ አውቄ ውሸት ያሰፈርኩት ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ እምቢ አላለኝም።

ወደ ቤት ስሄድ በቢሮው በኩል ዞርኩ። ጽሑፌ አሁንም ሰሌዳው ላይ አለ፣ ዝናብ የነካው፣ ቁጥር ሦስት ጋ ቀለሙ የፈሰሰ። አራቱንም እስፒል ነቅዬ አወረድኩት። ዘበኛው ሸጋው ከወንበሩ ሆኖ ያየኛል።

ምክንያቱን ቢጠይቀኝ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። አልጠየቀኝም።