ቀምሶ መስጠት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

በርበሬ ቀነጠስኩ። ዝናቡ አቁሞ የደሴ ብርድ ገብቷል።

ከሰዓት በኋላ ጽናት ልጇን አዝላ መጣች። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ጠጋ ብላ ሳመችኝ... አሸተተችኝ ማለት ይሻላል።

«ይተኛ፣ እማዬ። ደክሞታል።»

አልደከመውም። ከጀርባዋ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኝ ነበር። ከተወለደ ጀምሮ አንድ ቀን ብቻዬን ይዤው አላውቅም።

ስትሄድ ከቁም ሣጥኑ ሥር ጠርሙሱን አወጣሁ። ስለተናደድኩ ነው? ስላፈርኩ? ሁለቱም የሚያስከፍቱኝ አንድ ጠርሙስ ነው።

ጥቅምት 4

ለግፊት መድኃኒቴ ጤና ጣቢያ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ግድግዳውን አነበብኩ። ጽናት ተማሪ ሳለች ከደብተሯ ሰርቄ ፊደል ከለየሁ ወዲህ የተለጠፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልም። ክትባት... ወባ... ከሥር አንዲት ትንሽ ወረቀት።

«መጠጥ ማቆም አቅቶዎታል? እኛም አቅቶን ነበር። ይምጡ፣ እንነጋገር። ስም አንጠይቅም።»

ደሴ እሑድ፤ ኮምቦልቻ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ።

ደሴ አይሆንም። ስንቱ ነው እኔ ቤት የጠጣው? ኮምቦልቻ የሚያውቀኝ የለም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሄድኩ።

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ሙቀቱ መጣ፤ ሹራቤን አወለቅኩ። መንገድ ዳር የቆመ ሰው «ስብሰባው የት ነው?» አልኩት። የምን ስብሰባ ቢለኝ ምን ልል ነበር? አላለኝም።

«ይኸው አዳራሹ፣ እናቴ። ጀምረዋል፤ ቶሎ ይግቡ።»

ሰው ሞልቷል። ይሄ ሁሉ ሰው ነው እንደ እኔ የሚጠጣው? ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ስለ ድንኳኑ መቀደድ መናገር ጀመሩ። የዕድር ስብሰባ ነው! ተነሥቼ መውጣት አፈርኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ማንን ወክለው ነው?» አለችኝ።

«ባለቤቴን። አግማስን።»

ሞቷል አላልኩም። ትልቁ ድስት ይገዛ ሲሉም እጄን አወጣሁ።

ውጭ ወጥቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ለማን ልንገረው? የሚነገረው ሰው ሳጣ ሳቁ አለቀ። ሰዓቱም አልፎ ነበር። ቤቴ ገብቼ ጠጣሁ።

ጥቅምት 11

ጽናት ደወለች። ከኅዳር ጀምሮ ሥራ ልትገባ ነው። ለልጁ ሠራተኛ እየፈለገች ነው።

እኔ እያለሁ? አልጠየቅኋትም። መልሱን አውቀዋለሁ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ በአዳራሹ ጀርባ ዞርኩ። ጠባብ ክፍል፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ጥቂት ሰዎች። የምትመራው ነርስ ናት፤ ፋሲካ ትባላለች። በሩ ላይ ቆሜ ስቀር አንድ መካኒክ ወንበር ሳበልኝ። ሂሻም ይሉታል። የጥፍሮቹ ሥር በዘይት ጠቁሯል።

«ይቀመጡ፣ እማማ። እኔ ጁምዓ መስጊድ ውስጥ ሶፍ ላይ ከሰው ትከሻ ለትከሻ ስቆም አፌን በእጄ የምሸፍን ሰው ነኝ። ወላሂ፣ ከእኔ የባሰ እዚህ የለም።»

«ደግሞ ጀመረው! በዚህም አንደኛ ልትወጣ ነው?» አለችው አንዷ።

ሁሉም ተናገሩ። እኔ ዝም። መጨረሻ ላይ ፋሲካ ፔርሙዙን ሰጠችኝ። «ሻይ ይቅዱልን።»

ቀዳሁ። ለሂሻም ከማቀበሌ በፊት መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። እጄ ነው ያደረገው፤ እኔ አላሰብኩትም።

«እማማ፣ ሻዩ መርዝ አለው እንዴ?» አለ ሂሻም። ሳቁ። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። አረቄ ሻጭ ነበርኩ። ለሰው ከመስጠትሽ በፊት ትቀምሻለሽ፤ ደንቡ ነው። በየመለኪያው ጠብታ። ሲመሽ ስንት ይሆናል? አንድ ቀን ጠጪ የሌለበት ቀን መጣ፤ እኔ ግን ቀመስኩ። አግማስንም ሐኪም ከለከለው። ለመነኝ። ቀምሼ ሰጠሁት...

አይዞሽ ያለኝ የለም። ሂሻም ሻዩን ጭልጥ አደረገና ብርጭቆውን ዘረጋልኝ።

«ይድገሙኝ፣ እማማ።»

ጥቅምት 16

አልጠጣሁም። ቤቱ ምን ያህል ጸጥ ይላል።

ጥቅምት 19

ጠጣሁ። ትንሽ።

ትንሽ ብዬ የምጽፈው ለማን ነው?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

መጠጣቴን ነገርኳቸው። «አንደኝነቴን ሊነጥቁኝ ነው» አለ ሂሻም። ሻይ ቀዳሁ።

ቤት ስገባ ጠርሙሱን ደጅ ደፋሁት። ሽታው ድፍን ግቢውን ሞላው። ጎረቤት ያሸታል ብዬ አላፈርኩም... አፈርኩ። ግን ደፋሁት።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ቀዳሁ። ተመለስኩ።

ኅዳር 2

ጠዋት በር ተንኳኳ። ጽናት፣ ልጇን ታቅፋ። የቀጠረቻት ሠራተኛ ቀረች። የመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምሄድ ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። እጄን አልዘረጋሁም።

«መጀመሪያ አሽትቺኝ» አልኳት።

ፊቷ ቀላ። ግን ተጠጋች፤ እንደ በፊቱ በመሳም አላመካኘችም። አፌን አሸተተች፣ ነጠላዬንም። ከዚያ ልጁን ሰጠችኝ። እንዴት ከብዷል!

ወዲያው አልሄደችም። ሰዓቷ እየረፈደ፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ አጠገብ ተቀምጣ እጆቼን ታያለች።

ትመልከት። እኔም ሳልቀምስ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም።