«ሐድራ» የምትለዋ ስንኝ

ኅዳር 4
ዛሬም ከክፍል በኋላ እማማ አልታዬ ቤት። ዛሬም ባዶ እጄን ተመለስኩ።
አልቃሽ ናቸው፤ በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለ እሳቸው ለቅሶ አይደምቅም። በሙሾአቸው ውስጥ «ሐድራ» ይላሉ ተባለ። ሐድራ የኛ የሙስሊሞቹ የዱዓ ስብስብ... ቃሉም ከዓረብኛ የመጣ። በክርስቲያን ለቅሶ ምን ይሠራል? አብሮኝ አማርኛ የሚያስተምረው በእውቀቱ፣ ከራስሽ ፈጥረሽ ነው ብሎ ሳቀብኝ። የለመንኳቸው አንዲት ስንኝ ብቻ።
«ሰው ሳይሞት ሙሾ? ሟርት ነው ልጄ።»
ሰባ ስምንት ዓመታቸው። ድምፃቸውም እየከዳቸው ነው። ይዘውት ሊሄዱ!

ኅዳር 11
ስኳር ይዤ ሄድኩ። «አላህ ይስጥሽ» ብለው መረቁኝ። ሙሾ የለም።

ኅዳር 29
ጎረቤታችን ጋሽ ፈንታሁን በጠና ታመዋል። እማማ አልታዬ መጠራታቸው አይቀርም...
ምን ነካኝ? አስተግፊሩላህ።

ታኅሣሥ 3
ጋሽ ፈንታሁን ተሻላቸው። ጭራሽ በግ ሊገዙ ወረኢሉ ሄዱ። አልሐምዱሊላህ አልኩ... ከአንገት በላይ።

ታኅሣሥ 17
እንደገና ተኙ። ጠዋት ማታ እንዴት ዋሉ እያልኩ በራቸው ላይ ነኝ። ዛሬ ቀና ብለው አዩኝ።
«አሚራ፣ የኔን ሞት ትጠብቂያለሽ አሉ።»
በእውቀቱ ነው የነገራቸው፤ ከሱ በቀር ለማንም አላወራሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ታኅሣሥ 30
ዳኑ። ልጅ ስለሌላቸው፣ ስሞት ማን ተዝካሬን ያወጣልኛል ብለው በቁማቸው ሊያወጡ ነው። ለኛ ለሙስሊሞቹ የሚያርድ ሰው ለብቻ ተጠርቷል። ሙሾውንም በገዛ ጆሮዬ ልስማው ብለዋል። እማማ አልታዬ ደግሞ ተዝካር ከወጣማ ሟርት አይሆንም አሉ። ይሄን ከመጀመሪያው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ጥር 22
ተዝካሩ ዛሬ ነበር። ድንኳኑ ሙሉ። ጋሽ ፈንታሁን ጋቢ ደርበው መሃል ተቀምጠዋል። እማማ አልታዬ ተነሡ። ድምፃቸው ይቆራረጣል፣ ግን ተሰማ...

ሐድራው ሞቅ ብሏል፣ እንግዳው በዝቷል፣
ፈንታሁን ብቻ የት ሄዶ ቀርቷል?

«እዚሁ ነኝ» አሉ ጋሽ ፈንታሁን። ሰው ሳቀ። በእውቀቱን ፈልጌ አየሁት። ሥጋ ላይ አቀርቅሯል፣ አልሰማም! እርር ድብን አልኩ።
ጋሽ ፈንታሁን ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው። ከዚያ እኔን ጠሩኝና፣ ይሄ ሐድራ በዓረብኛው ምን ማለት ነው አሉኝ። መገኘት ነው፣ አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ።
«እንግዲያ የሞትኩ ቀን አልታዬ ሐድራ እንዳትል ንገሪልኝ። ያን ቀን የለሁማ።»
ስንኟን ጻፍኳት። ሦስት ወር ገደማ የለፋሁባት ነች። አሁን ደግሞ ጋሽ ፈንታሁን እንዳይሞቱ ፈራሁ።