የእኔ ተማሪዎችና ዘይነባ

ሰኞ
ደግሞ ሳቁ! ጠዋት እኔ ጋ ሲያዛጉ አርፍደው ከሰዓት ዘይነባ ክፍል ሲገቡ ሳቅ በሳቅ። የነርስ ተማሪዎቼ! ከበሽተኛ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው የማስተምራቸው፤ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ስሙን፣ ምን እንዳመመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቂ። ምኑ ያስቃል? እሷም ይህንኑ ታስተምራለች፤ ከደሴ የመጣችው ግን ገና አሁን ነው። አለቃችን ዶክተሩ ዓርብ ስናስተምር ሁለታችንንም ሊያዩ ነው። ትምህርቱ ለአንዳችን ይሰጣል፤ ሌላዋ መርፌ ክፍል። በዚህ በአዋሽ ሙቀት መርፌ ስቀቅል ልዋል? ሞቼ እገኛለሁ!

ማክሰኞ
በመስኮት አየሁ። ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ምንጣፍ ላይ ቁጭ! እሷ አሮጊት በሽተኛ ሆናለች፣ አለሙ ይጠይቃታል። አለሙ! ልብ ማዳመጥ ያስተማርኩት እኔ። ሲወጡ ቦርሳዋን ያዘላት። ቅናት ነው? አዎ፣ ቅናት ነው፤ እዚህ ማን ያየኛል።

ረቡዕ
ተማሪዎቹን ይዤ ሳለ አንድ አፋር ሚስቱን ደግፎ ገባ። ትንቀጠቀጣለች፣ ላብ አጥምቋታል። ወባ ናት አልኩ በልቤ። በአስተርጓሚ «ምኗን ነው? ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት። ፊቱን አዞረ። ጮክ ብዬ ደገምኩ። ሚስቱን ይዞ ወጣና ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ተቀመጠ። ተማሪዎቹ እኔን ያያሉ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ዘይነባ አስተርጓሚውን ይዛ ሄዳ አጠገቡ ቁጭ አለች። ከየት መጣችሁ፣ ዝናብስ፣ ግመሎቹስ፣ መንገዱስ። ዳጉ ይሉታል፤ አፋር ያየ የሰማውን ሳይለዋወጥ ወደ ጉዳዩ አይገባም። እኔ ልፈነዳ ነው፤ ሴትዮዋ እያቃሰተች ስለ ግመል ወሬ! እሱ ግን የመንገዱን ሲያወራ ነገሩን አመጣው። አውሮፕላን የጥጥ እርሻው ላይ የተባይ መድኃኒት ሲረጭ አይተዋል፤ እሷ እዚያው ካለው ቦይ ጠጥታለች። ምን ወባ፣ መርዝ ነው! ተሸክመናት ሮጥን።

ሐሙስ
ሴትዮዋ ቀና ብላ ወተት ጠጣች። ነገሩ የሆነው በእኔ ክፍል ሰዓት ስለነበር ዶክተሩ በሰው ፊት «ጎበዝ፣ ጠይቀሽ ደረስሽበት» አሉኝ። ዘይነባ አጠገቤ ነበረች፤ ዝም አለች። እኔም ዝም። በዝምታ እንኳ ትብለጠኝ! ስንወጣ «አብሽሪ እህቴ፣ ዋናው መዳኗ ነው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ
ዶክተሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ…» ብዬ ጀመርኩ። አለሙ ጫማውን ያያል። ሁሉም ያውቃሉ። «ዶክተር፣ የደረሰችበት ዘይነባ ናት። እኔማ ወባ ብዬ ነበር» አልኩ። ወዲያው ልመልሰው ፈለግሁ፤ ከአፍ ከወጣ ወዴት ይመለሳል። ትምህርቱ ለእሷ ሆነ።

ከሰዓት መርፌ ስቀቅል ቆይቼ ወጣሁ። የሴትዮዋ ባል ግራሩ ሥር አለ፤ ከአስተርጓሚው ጋር። አጠገቡ ያለውን መሬት በእጁ መታ መታ አደረገልኝ። ጋዋኔን አየሁት፣ ነጭ ነው። ተቀመጥኩ። «ምን አየሽ፣ ምን ሰማሽ ይልሻል» አለ አስተርጓሚው። ዳጉ ላይ አይዋሽም። «ክፍሌን ሌላ ሴት ወሰደችው። ቅናት አንጀቴን እየበላኝ ነው» አልኩ። ተተረጎመለት። በጥሞና ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ።

«በእናንተ በኩል ዝናብስ ዘነበ ወይ ይልሻል።»

«ገና ነው» አልኩት።