ቆመች እንጂ አልተጣለችም

ለከተማው የትራፊክ ጽሕፈት ቤት
ለተያዙ ተሽከርካሪዎች ክፍል ኃላፊ

ቀን፦ ግንቦት 19

ጉዳዩ፦ «ተጥላ የተገኘች» ተብላ በክሬን የተወሰደችው ሰማያዊ የቤት መኪናዬ ከጨረታ ወጥታ እንድትመለስልኝ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ሙያዬን ያስቀደምኩት ለመመካት አይደለም። ከዚህ በታች የማቀርበው ጥፋት ሁሉ የተፈጸመው ሒሳብ በሚያውቅ ሰው መሆኑን ከወዲሁ እንዲረዱልኝ ብዬ ነው።

1. ነገሩ የጀመረው ቤንዚን ለሁለተኛ ጊዜ የጨመረ ሰሞን ነው። ከእራት በኋላ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ሰብስቤ፣ መኪናችን ከእንግዲህ የምትንቀሳቀሰው በጥናት ብቻ እንደሆነ አስታወቅኩ። ከቤንዚን የሚተርፈው ገንዘብ ለአባቴ የዓይን ሕክምና እንዲቀመጥ ወሰንኩ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው አሁን ከእኛ ጋር ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ዕቅዴን በጥሞና አዳመጡና «መኪና የምታረጀው ስትቆም ነው፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን ቁጥር ይዤ ነበር፤ ቁጥር የያዘ ሰው ምክር አይሰማም።

2. ገበያው፣ ፋርማሲው፣ ፀጉር ቤቱና ዘመድ ጥየቃው ሁሉ ተጠራቅሞ ቅዳሜ በአንድ ዙር እንዲያልቅ ደነገግኩ። ዘመድም የሚጠየቀው በዝምድናው ሳይሆን በመንገዱ ቅርበት ሆነ። የባለቤቴ አክስት ታመው ተኝተው ሳለ ቤታቸው ከዙሩ ውጭ ስለነበር ሳንጠይቃቸው ቀረን። ከገበያው አጠገብ የሚኖረውን፣ ስሙን በቅጡ የማላውቀውን የሩቅ ዘመድ ግን በየቅዳሜው ስለምንጎበኘው ሰውዬው «ምን ፈልገው ይሆን?» ብሎ መጨነቅ ጀመረ። አክስቷ ከሕመማቸው ሲያገግሙ ለባለቤቴ «ባልሽ ለቀብሬም የሚመጣው መንገዱ ላይ ከሆነ ነው» ብለዋታል። ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም።

3. ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቼ፣ ከማርሽ አውጥቼ በፎሌ እለቃት ነበር። ይህን ለትራፊክ ጽሕፈት ቤት መጻፍ ብልህነት እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን እውነቱን ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው። ዳገት ላይ ደግሞ ክብደት ለመቀነስ ልጆቼን አስወርጄ አናቱ ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። ሴት ልጄ የክፍል ጓደኞቿ በታክሲ ሆነው እጃቸውን እያውለበለቡ ያለፏት ቀን ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች። በዚህም አልበቃኝም። ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን ከባድ ናቸው ብዬ ከመኪናዋ አውርጄ አልጋ ሥር አስቀመጥኳቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውን ከቤት ለማምጣት የተሳፈርኩበት ኮንትራት ታክሲ ያስከፈለኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴም እስካሁን አታውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስለ ሴት እየተወራ ይመስለኝ ነበር።

4. ቤንዚን ለሦስተኛ ጊዜ ሲጨምር መኪናዋን ከአጥሩ ውጭ፣ ግድግዳው ጥግ ጨርሼ አቆምኳት። ሁላችንም እግረኛ ሆንን። ከዚያ ያቆየሁትን ቁጠባ ስደምር፣ የእኔ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ የባለቤቴ ታክሲ፣ የልጆቹ አውቶቡስ፣ ደክሞኝ በየመንገዱ አረፍ እያልኩ የጠጣሁት ሻይ ሲቀነስ፣ የተረፈው ለአንድ ዓይን እንኳ የሚበቃ አልሆነም። ተማሪ እንዲህ ያለ ስሌት ሠርቶ ቢያመጣልኝ ወላጅ አስጠራ ነበር።

5. አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የመሥሪያ ቤትዎ ተቆጣጣሪ በመኪናዋ ጎማ ዙሪያ ሣር መብቀሉን፣ ከሥሯ ድመት መውለዷን፣ በአቧራዋም ላይ በጣት «እጠቡኝ» ተብሎ መጻፉን መዝግበዋል። አልክድም። ጽሑፉ የወንዱ ልጄ ነው፤ ድመቷ ግን የእኛ አይደለችም። ተቆጣጣሪው ያላዩት ከሰዓት በኋላ ያለውን ነው። አባቴ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ወጥተው መሪው ላይ ይቀመጣሉ። መስታወቱን ያስተካክላሉ፣ ማርሽ ያስገባሉ፣ የድሮ መስመራቸውን ከመነሻው ይይዙታል። ባትሪ እንዳይጨርሱ ብዬ ቁልፉን ስለወሰድኩባቸው ሬዲዮ እንኳ የላቸውም። እንዲያም ሆኖ በቤታችን ሕጌን ሳያጓድሉ ያከበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ጠብታ ቤንዚን ሳያቃጥሉ በየቀኑ ከተማውን ያቋርጣሉ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ከኋላ ይሳፈራሉ። እሳቸውም የት እንደሚወርዱ ይጠይቋቸዋል፤ ልጆቹ ያሻቸውን አገር ይጠራሉ፤ ያደርሷቸዋል። ሁለቱም «አያያ ዳገት ላይ አያስወርዱንም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤትዎ በተሰጠኝ ቅጽ ላይ «ተሽከርካሪው ለመጨረሻ ጊዜ አገልግሎት የሰጠው መቼ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ «ክሬኑ እስከመጣበት ሰዓት ድረስ» የሚል ነው።

6. ካልተነሳች ትወሰዳለች የሚለውን ማስጠንቀቂያ አይተህ ለምን ዝም አልክ እባል ይሆናል። ወረቀቱ የተለጠፈው በፊት መስታወቱ ላይ፣ በሾፌሩ በኩል ነበር፤ ጽሑፉ ወደ ውጭ ስለዞረ ልጆቹ ከኋላ ወንበር የሚያዩት ባዶ ጀርባውን ብቻ ነው። አባቴ ማንበብ አይችሉም፤ ሆኖም ከሰዓት በኋላ ፊታቸውን የሚመታው ፀሐይ መከለሉን አወቁ። ማታ ጠርተው «ፀሐዩን የሚከልል ወረቀት ለጥፈህልኛል፣ ተባረክ፣ ልጆችህ እንዲሁ ያስቡልህ» ብለው መረቁኝ። እኔ የለጠፍኩት ነገር የለም። ባለቤቴ ለጥፋው ይሆናል ብዬ፣ ምርቃቱም እንዳይባክን ብዬ፣ አሜን አልኩ። ባለቤቴ በበኩሏ እኔ ነኝ ብላ አስባ «አንዳንዴ እንኳ ሰው ትሆናለህ» አለችኝ፤ ይህንንም ተቀበልኩ። ወጥቼ እንዳላየው ደግሞ ጫማዬን ለማትረፍ የምወጣው በጓሮ በር በኩል በአቋራጭ ነው። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ያለፈው በዚህ ሁኔታ ነው።

7. መኪናዋ በተወሰደችበት ሰዓት እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ትርፍና ኪሳራ አስተምር ነበር። የሆነውን የነገረችኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ሠራተኞቻችሁ ሲደርሱ አባቴ መሪው ላይ ነበሩ። በትሕትና «አባባ፣ ልንወስዳት ነው» አሏቸው። ለዚህ ሥነ ምግባራቸው አመሰግናለሁ። አባቴ በመጨረሻ ጋራዥ የላክኋት መስሏቸው ደስ እያላቸው ወረዱ። በሩን ይዘው «ፍሬኗ ወደ ግራ ይስባል፤ ሦስተኛው ማርሽ እሺ የሚላችሁ ስታባብሉት ነው፤ አታጣድፏት» ብለው አስረከቧቸው። ክሬኑ እስኪርቅ ድረስም ድምፁን ሲያዳምጡ ቆዩ።

ማታ «ጋራዥ መስደድህ ደግ አደረግህ፤ መቼ ትመጣለች?» አሉኝ። «በቅርቡ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ በጠየቁኝ ቁጥር «በቅርቡ» እላለሁ። ዛሬም ከምሳ በኋላ ይወጣሉ። ባዶውን ቦታ በከዘራቸው መታ መታ አድርገው ይመለሳሉ። ልጆቹም በር ላይ ደርሰው ቀጥ ብለው ወደ ቤት ይገባሉ። እውነቱን እንዳልነግራቸው አፍራለሁ፤ «ተጥላ የተገኘች» ተባለች ብላቸው ማን ጣላት ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

ስለሆነም፣

ሀ. መኪናዋ ከጨረታ እንድትወጣና እንድትመለስልኝ አመለክታለሁ። የሊብሬው ቅጂ ተያይዟል።

ለ. ግቢያችሁ ውስጥ በመቆሟ በየቀኑ የሚታሰበው ኪራይ እንዲነሳልኝ፣ ካልሆነም እንዲቀነስልኝ እጠይቃለሁ። አቁሜያት እቆጥባለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን ለመቆሟ እየከፈልኩ ነው። የሚበላውም ያችው ለአባቴ ዓይን ያስቀመጥኳት ጥሪት ናት። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ቅጣቱ ከእኔ ደመወዝ ቢቆረጥ ቅር አይለኝም፤ ከእሳቸው ዓይን አይሁን ነው የምለው።

ሐ. ውሳኔው የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ፣ አባቴ ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢያችሁ ገብተው መኪናቸው ውስጥ እንዲቀመጡ እንዲፈቀድላቸው እለምናለሁ። ቁልፍ አያስፈልጋቸውም። ቤንዚንም አያስፈልጋቸውም። ዘበኞቻችሁን አያስቸግሩም፤ ምናልባት ሲታጠፉ እጃቸውን በመስኮት ያወጡ ይሆናል። ጋራዥ ነው ብዬ ነው የማመጣቸው፤ እባክዎ ሠራተኞችዎ በዚህ አንድ ውሸት ይተባበሩኝ።

ይዣቸው የምመጣው እኔው ነኝ። እሳቸው ሲነዱ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ከተማውን ሲዞሩ እኔ ቤት ውስጥ ቤንዚን አባዛና አካፍል ስለነበር አንድም ቀን ተሳፍሬላቸው አላውቅም። የት እንደምወርድ ይጠይቁኛል። እስከ መጨረሻው ድረስ እላቸዋለሁ።

የክቡርነትዎን መልካም ምላሽ ከሚጠባበቅ እግረኛ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የሰማያዊዋ መኪና ባለንብረት፣ የሾፌሩ ልጅ