ረዳት ያልነበሩት ወይዘሮ ዊሎዲን ቴት

እህታችን ወይዘሮ ዊሎዲን ቴት፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛው ከአባታቸው ከአቶ ሊሮን ጋይንስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦሲ ቤል፣ በአርካንሶ ግዛት በማሪያና ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1944 ተወለዱ። ለቤቱ አምስተኛ ልጅ ነበሩ። እኛ ዊሊ ነበር የምንላቸው፤ ዛሬ ግን በሙሉ ስማቸው እንጠራቸዋለን። ምክንያት አለን።

ወገኖቼ፣ እህታችን የሠሩበት ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ እዚህ እንዲነበብ ብሎ ባለፈው ማክሰኞ ደብዳቤ ልኳል። በደብዳቤው እህታችን «ትጉህ የማስተዋወቂያ ክፍል ረዳት» ተብለዋል። ረዳት! እባካችሁ ይህን ቃል ይዛችሁ የቀረውን ስሙልን።

ቤተሰቡ በ1951 ወደ ሜምፊስ ስለመጣ ትምህርታቸውን እዚሁ ጀምረው በ1962 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። በዚህችው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ገብተው ነበር። የመዘምራኑ መሪ እህት ፐርሊን ግን፣ «ዊሊ ልጄ፣ ጆሮሽ ወርቅ ነው፤ ጉሮሮሽን ግን ስለ ጌታ ብለሽ ዝጊልኝ» አሏቸው። እሺ ብለው ጉሮሯቸውን ዘጉ፣ በጆሯቸውም እንጀራቸውን በሉ። በ1963 የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ሱቅ ተቀጠሩ። በ1966 የፖስታ ቤት ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ክሊዮቲስ ቴት ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ሬኒታንና ዳሬልን ወለዱ።

በ1971 አንድ ትንሽ የሜምፊስ ሸክላ አሳታሚ በአስተዋዋቂነት ቀጠራቸው። ሥራው አዲስ ዘፈን በራዲዮ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ሌሎቹ አስተዋዋቂዎች ወንዶች ነበሩ፤ በቀጥታ ወደ ራዲዮ ጣቢያ ይሄዳሉ። እርሳቸው አስቀድመው ፀጉር ቤት ይገባሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሴቱ ሁሉ ቢጎዲኑን ተጠቅልሎ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር በተደረደረበት ሰዓት ሸክላውን ያስከፍታሉ። ካስኩ ስለሚጮኽ በደንብ አይሰማም። ታዲያ ዘፈኑን ለመስማት ብላ ስንቷ ናት እርጥብ ጭንቅላቷን ከካስክ ያወጣችው? የወጡትን ቆጥረው ወደ ጣቢያው ይነዳሉ። «ስማኝ አንተ፣ በዚህ ዘፈን ምክንያት አሥራ አንድ ሴቶች ፀጉራቸው ሳይደርቅ ሊሄዱ ነበር። ታጫውተዋለህ ወይስ ለእናትህ ልንገራት?» ይሉታል የጣቢያውን ዘፈን አጫዋች። ያጫውተዋል። ባለቤታቸው አቶ ክሊዮቲስ፣ «እኔ ያገባሁት አንዲት ሴትና አርባ ሁለት ራዲዮ ጣቢያ ነው» እያሉ ያሾፉ ነበር።

በ1977 ያ ትልቅ ኩባንያ ኒው ዮርክ ወሰዳቸው። በ1980 የጥቁሮች ሙዚቃ ማስተዋወቂያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በኩባንያው ለዚህ ማዕረግ የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። ምክትል ፕሬዚዳንት! ቢሆንም ከእርሳቸው የሚያንሱ ወንዶች ሳይቀሩ «ዊሎዲን» እያሉ በባዶ ስማቸው ይጠሯቸው ነበር።

የጥቁሮቹ ክፍል አራተኛ ፎቅ፣ የነጮቹ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበር። አንድ ቀን አለቃቸው እየሮጠ መጥቶ «ዊሎዲን፣ ተሻገረ!» አላቸው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ተሻገረ የሚባለው የሞተ ሰው ነው። እህታችን «ውይ ጌታዬ! ማን?» ብለው ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ስልኩ ሮጡ። ወንዶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለካ ተሻገረ ያለው ዘፈኑን ነው፤ ነጮችም ወደውታልና ከእንግዲህ የዘጠነኛው ፎቅ ነው ማለቱ ነበር። ብዙ ለተሸጠ ዘፈን በሚሰጠው የወርቅ ሸክላ ላይ ስማቸው የሚቀረጸውም የዘጠነኛው ፎቅ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እህታችን አልተሳሳቱም፤ ልጃቸውን ነበር የወሰዱባቸው። ከዚያ ወዲህ ዘፈን በተሻገረ ቁጥር ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ባለ መረብ ባርኔጣ አድርገው ቢሮ ይገቡ ጀመር። ጸሐፊያቸው «ደግሞ ዛሬ ለማን ነው፣ ወይዘሮ ቴት?» ስትል የዘፈኑን ስም ይነግሯታል። ሃያ ሦስት ጊዜ ለቅሶ ተቀምጠዋል።

በ1985 የአንዲት የአላባማ ልጅ ዘፈን መጣ። ዘጠነኛው ፎቅ አልፈልግም አለ። እህታችን ነጮችም ይወዱታል ቢሉ፣ «አንቺ የምታውቂው የራስሽን ሰዎች ጆሮ ነው» ተባሉ። እሺ ብለው ናሽቪል ወርደው የነጮች ፀጉር ቤት ገቡ። ከስምንቱ ሴቶች ሰባቱ ከካስክ ወጡ፤ ስምንተኛዋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ዘፈኑ በአገሩ ሁሉ አንደኛ ወጣ። በወርቁ ሸክላ ላይ የአምስት ወንዶች ስም ተቀረጸ። እህታችን በስብሰባ መሐል ተነሥተው፣ «የእኔ ስም የት አለ?» አሉ።

«ዊሎዲን፣ ይህ የቡድን ሥራ ነው።»

«ታዲያ የቡድኑ ስም ሲጻፍ እኔ የት ሄጄ ነው?»

በ1986 ጸደይ «የአሠራር ለውጥ» ተብሎ የሥራ መደባቸው ተሰረዘ፤ በበራቸው ላይ የነበረው ስማቸው በዚያው ቀን ተፋቀ። በማዕረጋቸው ስድስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲያስፈርሟቸው ኖረው፣ ዛሬ ሬሳቸው ፊት ረዳት ይሏቸዋል። ይህ መርሳት አይደለም፤ ወገኖቼ፣ የሚረሳ ሰው ከፍ አድርጎም ይሳሳት ነበር።

ወደ ሜምፊስ ተመልሰው በዚህች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ዘወትር ሐሙስ ወጣት ሴቶችን ሥራውን በነጻ አስተማሩ። በ2004 ባለቤታቸውን በሞት ካጡ በኋላ የስኳር በሽታ ኩላሊታቸውን ጎዳው። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት እየሄዱም፣ «ይህን ዘፈን የከፈተው ማነው? ደሜን ነው ወይስ ትዕግሥቴን የምታጥቡት?» እያሉ ነርሶቹን ያስቁ ነበር። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2019፣ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል አረፉ።

የኩባንያው ደብዳቤ አይነበብም። ቤተሰቡ በአንድ ቃል ወስኗል። በእርሱ ፈንታ የሐሙስ ተማሪዎቻቸው አሥራ አንዳችሁም ከመቀመጫችሁ ተነሡ። ከራዲዮ ጣቢያም ሆነ ከሙዚቃ ኩባንያ የመጣችሁ፣ ስማችሁንና የሥራ ማዕረጋችሁን፣ ማን እንዳስተማራችሁም ጨምራችሁ ተናገሩ። አትቸኩሉ፣ ልጆቼ። እንጠብቃችኋለን።

ወይዘሮ ዊሎዲን የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ፤ ይህን የጻፈችውን ታላቅ እህታቸውን ኮራንም ትተው ሄደዋል። ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ በደጁ ሲቀበላቸውም ምክትል ፕሬዚዳንት ወይዘሮ ዊሎዲን ጋይንስ ቴት ብሎ፣ ሁሉም እየሰማ ይጥራቸው። አሜን።